ቦልሩም ዳንስ የማን ነው? አንድ ክርና ሠላሳ ምናምን መልሱ

ሰሞኑን በኢንተርኔት መድረካችን ላይ አንድ ክር፣ ማለትም አንድ የውይይት ርዕስ፣ ተከፍቶ ሰዉን ሲያወዛግብ ከረመ። ርዕሱ ቦልሩም ዳንስ ነው። ያው ወንዱ ጥቁር ሱፍ፣ ሴቷ ሰፊ ቀሚስ ለብሰው፣ ተያይዘው አዳራሹን የሚዞሩት። መልሱ ሠላሳ ምናምን ስለደረሰ አሁን ገብቶ ከታች የሚያነብ ሰው ምንም አይገባውም። አንዱ ስለ ጫማ ያወራል፣ አንዱ ስለ ጀርመን ንጉሥ፣ አንዱ ይቆጣል። እኔ ከላይ ጀምሬ ላውራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ክሩን የከፈተው ጀርመን የሚኖር ልጅ ነው። የሥራ ባልደረባው ሰርግ ላይ ተጠርቶ ሄደ። ሙሽሮቹ ዋልዝ የሚባለውን የቦልሩም ዳንስ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ እንግዳው ሁሉ፣ አያቶቹ ሳይቀሩ፣ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ገባ። እሱ ብርጭቆውን እንደያዘ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ንዴቱ ከጽሑፉ ያስታውቃል። ይህ ዳንስ የነገሥታትና የመኳንንት ጨዋታ እንደሆነ፣ ተራውን ሰው ለማሸማቀቅ ተብሎ እንደተፈለሰፈ፣ ዛሬም የሚጨፍሩት ጌታ ጌታ መጫወት ያማራቸው እንደሆኑ ጻፈ። መጨረሻ ላይ ግን ደስታው ምኑ ላይ እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው ካለ ብሎ ጠየቀ። እኔን የሳበኝ ይቺ መጨረሻዋ ነች።

1ኛውና 2ኛው መልስ ከልጁ ጋር ተስማሙ። የሁለቱም ማስረጃ ፊልም ነው። እንለፋቸው።

3ኛዋ የሙዚቃ አስተማሪ ነች። በጣም በጨዋ አነጋገር፣ ወንድሜ እያለች፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ እንደሆነ አስረዳችው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች የሚጨፈረው ሚኑዌት ነበር። ጥንዶቹ የሚነካኩት በጣት ጫፍ ነው። እርምጃው የተቆጠረ ነው። እሱን ለመልመድ የዳንስ መምህር ቀጥሮ ረጅም ጊዜ መልፋት ነበረብህ። ዋልዝ ግን የመጣው ከኦስትሪያና ከባቫሪያ ገጠር ነው። ገበሬው ሌንድለር የሚባል ጭፈራ ነበረው፤ በከባድ ጫማ ወለሉን እየረገጠ ተቃቅፎ የሚሽከረከርበት። የመኳንንቱ ልጆች የራሳቸው ሲሰለቻቸው የገበሬውን ወሰዱ። በ1814 ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ የአውሮፓ ዲፕሎማቶች ለጉባኤ ቪየና ተሰበሰቡ። ቀን የአውሮፓን ካርታ ሲከፋፈሉ ማታ ዋልዝ ሲጨፍሩ ሰነበቱ። ከዚያ ወዲህ ዋልዝን የሚያቆመው ጠፋ። እንግዲህ ዳንሱ የወጣው ከታች ወደ ላይ ነው ማለቷ ነው።

4ኛዋም ሴት ነች፤ ኑሮዋ እዚያው ቪየና። ተማሪ ሳለች በዳንስ ምሽቶች ላይ ኮት ተቀባይ ሆና ሠርታለች። እንደ እሷ አባባል በክረምቱ ወቅት ብቻ ከተማው ውስጥ ከ400 በላይ የዳንስ ምሽት ይደረጋል። የቡና ቤት ባለቤቶች የራሳቸው አላቸው። ኬክ ጋጋሪዎች የራሳቸው አላቸው። አዳኞችም፣ ሐኪሞችም እንደዚሁ። በጣም የምትወደው እኩለ ሌሊት ላይ የሚመጣውን ኳድሪል ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰው ፊት ለፊት ይሰለፋል። አንድ ሰው ማይክ ይዞ ግራ፣ ቀኝ፣ ተሻገሩ እያለ ያዛል። ሙዚቃው በየዙሩ ይፈጥናል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ይደባለቃል። ዳይሬክተሩ ከአስተናጋጇ ጋር ይጋጫል፣ ማንም መስመሩን አያውቅም፣ ሁሉም በሳቅ ይሞታል። ስለ ኦፔራው ምሽት ግን ለልጁ ፈርዳለታለች። እዚያ ወንድ ያለ ጭራ ኮት (ከኋላው ረዘም ያለ የክብር ኮት) አይገባም፤ መግቢያውም በመቶዎች ዩሮ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። 5ኛው መጣና ነገሩን አከረረው። በሰው ፊት የሰው ሚስት ወገብ ይዞ መዞር የኛ ወግ አይደለም አለ። እስክስታ ፊት ለፊት ተያይቶ ነው፤ ትከሻ ይናገራል እንጂ ማንም ማንንም አይነካም። ፈረንጅ ያመጣውን ሁሉ ስልጣኔ ነው ብሎ መቀበል ይብቃን ሲል ደመደመ። ላይኩ ብዙ ነው።

6ኛው መልስ የክሩ ምርጥ ይመስለኛል። ጸሐፊው ለ5ኛው ምንም ክፉ ቃል አልመለሰም። ይልቅ በ1816 ለንደን ወሰደው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ውስጥ ታይምስ ጋዜጣ ቁጣውን ጻፈ። ምክንያቱ ዋልዝ በእንግሊዙ ልዑል የዳንስ ምሽት ላይ መታየቱ ነው። ጋዜጣው ተቃቅፎ መጨፈር ነውር እንደሆነ፣ ከውጭ የገባ እንደሆነ፣ ወላጅ ሁሉ ልጁን እንዲጠብቅ አስጠነቀቀ። ከዚያ በፊት በ1813 ገጣሚው ባይረን ዋልዝን የሚያላግጥ ግጥም አሳትሞ ነበር። ባይረን እኮ በሴት ጉዳይ ስሙ ለንደንን ያናወጠ ሰው ነው! 6ኛው በለሆሳስ አንድ ነገር ጨመረ። ባይረን እግሩ የሚያነክስ ነበር፤ እሱ ዳር ቁጭ ብሎ ሌላው ሲዞር ማየት ምን እንደሚመስል ክሩን የከፈተው ወንድማችን ያውቃል። ይህችን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

7ኛው ጀርመኖችን አመጣ። በ1913 ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም ዩኒፎርም የለበሰ መኮንን ታንጎ እንዳይጨፍር ከለከለ። ታንጎ የሚጨፈርበት ቤት እንኳ እንዳይሄዱ ታዘዙ። 8ኛው ያው 5ኛው ነው፤ ተመልሶ መጥቶ የፈረንጅ ታሪክ አይመለከተኝም አለ፤ ሌላም ሌላም አለ። 9ኛው የአወያዩ ማሳሰቢያ ነው። ከዚያ በኋላ 5ኛው ጠፋ። እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቡ መልስ የሚገባው ነበር። ሰው የማይነካኩበት ጭፈራ የራሱ ውበት አለው። የተበላሸው አነጋገሩ ነው።

10ኛው ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ነው። ፎክስትሮት ስለሚባለው የቦልሩም ዳንስ ሲጽፍ ያስረዘመው በምክንያት ነው። ፎክስትሮት በ1914 ኒው ዮርክ ላይ ብቅ ያለ ነው። ብዙ ሰው ያስፋፉት ቨርነንና አይሪን ካስል የተባሉ ባልና ሚስት እንደሆኑ ያውቃል። ነጮች፣ ቀጭኖች፣ ዘናጮች፤ አይሪን ጸጉሯን አሳጥራ ስትቆረጥ የአሜሪካ ሴት ሁሉ ተከትላ ቆረጠች። ብዙ ሰው የማያውቀው ሙዚቃውን የሚመራላቸው ማን እንደነበር ነው። ጄምስ ሪስ ዩሮፕ ይባላል፤ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1912 ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ የጥቁር ሙዚቀኞች ኦርኬስትራ ይዞ ገብቷል። ካስሎቹ ጋር ሲሠራ በፈጣን ዘፈኖች መካከል የሙዚቃ ደራሲውን የደብልዩ ሲ ሃንዲን ብሉዝ ቀስ አድርጎ ይጫወት ነበር። ለዚያ ዝግ ያለ ምት የሚሆን እርምጃ ሲፈለግ ነው ፎክስትሮት መልክ የያዘው። ዩሮፕ ኋላ ፈረንሳይ ዘምቶ የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ከሆነው ከሃርለም 369ኛ ሬጅመንት ጋር ተዋጋ። ከጦርነት ተርፎ ሲመለስ በ1919 ቦስተን ውስጥ የራሱ ከበሮ መቺ በቢላ ወግቶ ገደለው። ቨርነን ካስልም ከዚያ በፊት በ1918 ቴክሳስ ውስጥ በበረራ ሥልጠና ላይ ሞቷል። 10ኛው ስለ ዩሮፕ ሲጽፍ የቅርብ ዘመዱን የሚያወራ ይመስላል።

11ኛው ታንጎን በአጭሩ አስታወሰ። በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዮ የወደብ ሰፈሮች ውስጥ፣ በአፍሪካውያን ዘሮችና ከአውሮፓ በመጡ ድሃ ስደተኞች መካከል ተወለደ። የአርጀንቲና ሀብታም ይጸየፈው ነበር። ፓሪስ ስትወደው ጊዜ ግን ወዲያው የኛ ነው አለ። ይህ እንኳ የትም ሀገር የምናውቀው ጠባይ ነው።

12ኛው እኔ ነኝ። ልጁ የጠየቀው ስለ ደስታው ነበርና ወደዚያ ልመልሰው ሞከርኩ። እንግሊዝ አገር እየኖርኩ ሠፈሬ ውስጥ በሳምንት አንድ ማታ እማራለሁ። የጻፍኩት ይህን ነው። ሰው የሚያስጠላው ሕጉ ነው፤ ሕጉ ግን የተሠራው ለማይተዋወቁ ሰዎች ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለንደን ውስጥ ሁሉም በየፊናው ይዘል ነበር። አንዱ ከአንዱ ጋር መጨፈር አቃተው። በ1920 የዳንሲንግ ታይምስ መጽሔት አዘጋጅ ፊሊፕ ሪቻርድሰን የዳንስ መምህራንን ሰበሰበና እርምጃዎቹ አንድ ዓይነት መልክ እንዲይዙ ተነጋገሩ። በ1922 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የቄስ ልጅ ቪክቶር ሲልቬስተር ደግሞ ኋላ ላይ የራሱን ኦርኬስትራ አቋቁሞ ለዳንስ ብቻ የሚሆን፣ ፍጥነቱ የማይዛነፍ ሙዚቃ ያስቀርጽ ጀመር። ዛሬም ዘገምተኛው ዋልዝ በደቂቃ ከ28 እስከ 30 ባር (የሙዚቃ ምት ዙር) ነው፤ የቪየናው ዋልዝ እጥፍ ይፈጥናል። እንደ መንገድ ትራፊክ ሕግ ነው። ሁሉም ከሰዓት በተቃራኒ ይዞራል፤ ስለዚህ አይጋጭም። ስሟን የማላውቃት ሴት እጄን ይዛ ትነሳለች፤ ቋንቋዬን አትችል ይሆናል፤ ሦስት ደቂቃ ግን አንድ ላይ እንሄዳለን። ደስታው ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

13ኛው አልማረኝም። ያ ስብሰባ እርምጃ ለማስተካከል ብቻ የተጠራ ነው ብሎ ማመን የዋህነት እንደሆነ ነገረኝ። ከጥቁር አሜሪካውያን የመጣውን መወዛወዝ፣ ትከሻና ዳሌ ማነቃነቁን፣ እግር ማንሳቱን እየቆረጡ ጥለው የቀረውን እንግሊዛዊ አደረጉት። ከዚያ የሻምፒዮንነት ዋንጫውንም ለራሳቸው ሰጡ። ሩምባውንም ሳምባውንም እንደዚያው አጥበው አስጥተው አወጡት አለ። አነጋገሩ ይቆረቁራል፤ ከሐሳቡ ግን ብዙው ልክ ነው። የኩባ ሰው በውድድር ላይ የሚታየውን ሩምባ ቢያይ የኔ ነው የሚል አይመስለኝም። ሕጉ ሰውን ያገናኘውን ያህል ባለቤቱን አስረስቷል። ሁለቱም እውነት ነው።

14ኛው 13ኛውን ደግፎ ሃርለም ወሰደን፤ ሌኖክስ ጎዳና፣ ሳቮይ የዳንስ አዳራሽ። በ1926 ተከፍቶ በ1958 ተዘጋ። ሌላው የአሜሪካ አዳራሽ ጥቁርና ነጭ በሚለይበት ዘመን ሳቮይ ለሁሉም ክፍት ነበር። ሁለት መድረክ ስላለው አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል፤ ሙዚቃው አይቋረጥም። ሊንዲ ሆፕ እዚያ አደገ። የአሜሪካ ወታደሮች በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ይህንን ጭፈራ ይዘው እንግሊዝ ገቡ። ዛሬ በውድድር ላይ ጃይቭ የሚባለው የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

15ኛዋ ማንቸስተር የምትኖር ነርስ ነች። ክርክሩን ትታ ብላክፑል ስለመሄዷ ጻፈች። እኔም ቦታውን ስለማውቀው እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብላክፑል የባሕር ዳር ከተማ ናት። የላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች በዓመት አንድ ሳምንት ይዘጉ ነበር፤ እያንዳንዱ ከተማ በየተራው። ሠራተኛው በባቡር ተጭኖ ብላክፑል ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲጮህበት የከረመ ሰው ማታ ታወር የሚባለው የዳንስ አዳራሽ ይገባል። አዳራሹን በ1899 አሁን ያለውን መልክ የሰጠው ፍራንክ ማቻም የተባለ የቲያትር ቤት አርኪቴክት ነው። ጣሪያው ሥዕል ነው፣ ሰገነቱ ወርቅ ቅብ ነው፤ የንጉሥ ቤት ይመስላል፤ የተሠራው ግን ለፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ወለሉ 30,602 የእንጨት ቁራጭ ነው፤ ማሆጋኒ፣ ኦክና ዋልነት። ስትረግጠው ወደ ታች ትንሽ ይሰጥና መልሶ ያነሳሃል። ለዚህ ነው ጉልበት የማይደክመው። በ1956 እሳት ወለሉን አጠፋው፤ በ1958 ታድሶ ተከፈተ።

ነርሷ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ኦርጋኑ ከመድረኩ ሥር ተጫዋቹን እንደተሸከመ ብቅ አለ። በዚያ ኦርጋን ሬጂናልድ ዲክሰን የተባለ ሰው ከ1930 እስከ 1970 ተጫውቷል። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሱ። ከእነሱ አንዷ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ነርሷን ጎትታ አስነሳቻት። ኩዊክስቴፕ ነበር፤ በደቂቃ 50 ባር የሚሮጥ። ነርሷ ምንም አታውቅም። ሴትዮዋ ግን የቀኝ መዳፏን የነርሷ ትከሻ አጥንት ሥር አኖረች፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚኬድ ከጀርባዋ ይገባት ጀመር። ክሩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ለልጁ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሆነው ይህ ነው።

ከ16 እስከ 20 ጫማ ነው። የጎማ ሶል ወለል ላይ ይይዝና ጉልበት ያጣምማል። የዳንስ ጫማ ሶሉ ከሥር ሻከር ያለ ስስ ቆዳ ነው፤ ቆሻሻ ሲይዝ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል። መንገድ ላይ አይለበስም። አንዱ የድሮ ሱፍ ጫማውን ሊስትሮ ወስዶ ሶል አስቀየርኩ አለ። ሌላው ዋጋ ጠየቀ። ሌላው ሰርጉ ሊደርስ ነውና ባጭር ጊዜ የሚለመደው የትኛው ነው አለ። ዘገምተኛ ዋልዝ ተባለ። ከዚያ ስለ አዳራሽ ኪራይ አወሩ። አወያዩ ዝም አላቸው።

21ኛው ላይ የመጡት ትልቅ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ ብሎ ነው የጠራቸው። ከአብዮቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት ነበሩ። ራስ ሆቴል ባንዱ ከአማርኛው ዘፈን መካከል ታንጎና ቻቻቻ ጣል ያደርግ ነበር። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችም ሳክስፎንና ትራምፔት ይዘው ዘመናዊውን ይጫወታሉ። ጋሼ እርምጃውን የለመዱት ጓደኛቸው ቤት ነው። የቤቱ ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ የእግር ቅርጽ ተስሏል፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቁጥር ተጽፎበት። እናትየው ገብተው ሲያዩ የጠንቋይ ነገር መስሏቸው በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት! ደርግ መጣና ሰዓት እላፊ ታወጀ። ከዚያ ወዲያ መጨፈር የፈለገ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ማደር ነበረበት። እሳቸው ግን እየሳቁ ነው የጻፉት፤ እንዲያውም የበለጠ የተጨፈረው ያኔ ነው አሉ። አሁን ቨርጂኒያ በአረጋውያን ማዕከል ከኮሪያ ሴትዮዎች ጋር ዋልዝ ይጨፍራሉ። 22 እና 23 ምርቃት ነው፤ ዕድሜ ይስጥልን።

24ኛዋ ሰላሙን አደፈረሰችው። ለምንድነው ወንድ የሚመራው፣ ሴት የምትከተለው? ዘመኑ ስንት ነው? 25ኛው ተፈጥሮ ነው ብሎ ችኩል መልስ ሰጠ፤ 26ኛዋም የሚገባውን ሰጠችው። ያንን አልደግመውም። 27ኛው ግን ታሪኩን ያውቃል። ታወር አዳራሽ ውስጥ ድሮ ወንድ ያለ ሴት እንዳይጨፍር የሚከለክል ደንብ ነበር። ሴት ከሴት ግን ማንም አይከለክልም፤ በጦርነቱ ዘመን ወንዱ ሲዘምት አዳራሹን የሞሉት ሴቶች ናቸው። በ2020 ደግሞ በእንግሊዙ የቴሌቪዥን የዳንስ ውድድር ላይ ቦክሰኛዋ ኒኮላ አዳምስ ከሴት ጋር ተጣምራ ቀረበች። እኔ የምጨምረው አንድ ነው። የሚከተለው ሰው ዝም ብሎ የሚጎተት አይደለም። መሪው ወደ ኋላ ሲሄድ ከኋላው ያለውን አያይም። ተከታይዋ ክንዱን ጫን ታደርጋለች፤ እሱም ይቆማል። ያልተጫነ መሪ ሰው ላይ ይወጣል።

28ኛው የሕክምና ሰው መሆን አለበት። በ2003 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ጠቀሰ። ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆነ 469 ሰዎች ለዓመታት ተከታትለዋቸው፣ ከአካል እንቅስቃሴዎች ሁሉ የመርሳት በሽታ አደጋ ሲቀንስ የታየው ከዳንስ ጋር ብቻ ነበር። 29ኛው በአንድ መስመር ዳንስን ኪኒን አታድርጉብን ብሎ ሄደ። ተስማምቻለሁ።

30ኛው ላይ ክሩን የከፈተው ልጅ ተመለሰ። የገበሬውን ታሪክ ተቀበለ። የጭራ ኮቱንና የመቶ ዩሮዎቹን ነገር ግን አልተወም፤ ማን ፈጠረው ሌላ፣ ዛሬ ማን ገንዘብ ያስከፍልበታል ሌላ ነው አለ። 31ኛዋ፣ የቪየናዋ ልጅ፣ ተማሪዎች በርካሽ የሚገቡባቸውን ምሽቶች እነግርሃለሁ አለችው። 32ኛው የሁለቱን ነገር ቶሎ ሰርግ አደረገው። አበሻ!

33ኛው አዲስ ሰው ነው፤ ቻቻቻ ሲጨፍር ሁልጊዜ ከአስተማሪው እንደሚለይ ጽፎ ምክንያቱን ጠየቀ። የመለስኩለት እኔ ነኝ። ቻቻቻን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃቫና ላይ ያወጣው ቫዮሊን ተጫዋቹ ኤንሪኬ ሆሪን ነው፤ ማምቦ የሚባለው የኩባ ጭፈራ ለብዙ ሰው ሲከብድ አይቶ ምቱን አቀለለው። በውድድርና በትምህርት ቤት ዋናው እርምጃ የሚጀምረው ከሁለተኛው ምት ነው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እና አንድ። አንተ ከአንድ ስለምትነሳ ነው የምትለያዩት። አስተማሪህ ፊት ከሁለት ጀምር፤ ሰርግ ቤት ግን እንደለመድከው፣ ማንም አይቆጥርብህም።